ጠፍጣፋ ጣሪያ ለመሐል ሜዳ

የአውሮፓን ዘመናዊ ሕንፃዎች ልናይ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣንበት ቀን፣ በር ላይ የቆመችው አስጎብኚ ጫማችንን በጨርቅ ከረጢት እንድንሸፍን አዘዘችን። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሳቁ። እኔን ግን አልደነቀኝም። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የተከበረ ቤት ሲገባ ለጫማ ፊት እንደማይሰጥ አውቃለሁ። እንዲያውም ልማድ አሸንፎኝ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አልኩና መቃኑን ነክቼ እጄን ሳምኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ቀና ስል ነው። ፕሮፌሰራችን ቆመው ያዩኛል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እሷ ገብቷታል» አሉ ለሌሎቹ።

እውነቱን ለመናገር ምንም አልገባኝም ነበር።

ጀርመን ከገባሁ ገና አንድ ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው አገሩ ረጋ ባለበት ጊዜ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደዚያ ተሻገርኩ። አባቴ ግንበኛ ናቸው። በመንዝ ድንጋይ የጎረቤቱን ሁሉ ቤትና የሁለት አጥቢያ ቅጥር ገንብተዋል። ሥነ ሕንፃ ልማር መሆኑን የነገርኳቸው ቀን ድንጋይ እየጠረቡ ነበር።

«ግንባታ ነው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ሥዕሉን መሣል ነው።»

«የሣልሽውን ማን ይገነባዋል?»

«ሌላ ሰው።»

መዶሻቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። «ደህና ሥራ ነው» አሉ።

ፕሮፌሰሩ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሐዘን የተቀመጡ ይመስል ዓመቱን ሙሉ ጥቁር የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ክፍል ውስጥ ድምፃቸው ኮርኒስ ይነቀንቃል። እዚያ ነጭ ቤት ስንገባ ግን እንደ ንስሐ ገቢ ሹክሹክታ ጀመሩ። ቤቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በቀጫጭን ዓምዶች ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴት ይመስላል። ጣሪያው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ፕሮፌሰሩ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ብርሃን፣ የሰው ልጅ ከትናንት ሸክሙ ስለ መገላገሉ ሲያወሩ እኔ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ አየሁ። እስከ ግማሹ ውሃ አለው። አንዱ ተማሪ ተንበርክኮ ፎቶ ያነሳዋል። ከነማብራሪያው የተቀመጠ የጥበብ ሥራ መስሎት ኖሯል።

ከአንዱ ክፍል አንዲት መወልወያ የያዙ አሮጊት ወጡ። ባልዲውን አንስተው በመስኮት ደፉትና መልሰው እዚያው፣ ቦታው ላይ ልክ አድርገው አኖሩት።

«ያፈሳል እንዴ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ጥንትም ያፈሳል፣ ታድሶም ያፈሳል» አሉኝ። ከዚያ ቤቱን ያማሁት መስሏቸው ነው መሰለኝ ቶሎ ብለው «ሐምሌ ላይ ግን በጣም ያምራል» ብለው ጨመሩ።

ሐምሌ! የእኛ አገር ሐምሌ ትዝ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ፕሮፌሰሩ ዞር ብለው አዩኝ። ከደቂቃዎች በፊት «ገብቷታል» የተባልኩት ልጅ በአንዴ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አውቶቡስ ተከራይተን እንወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ባዶ አርማታ የሆነ ቤተ ክርስቲያን አየን። ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ግድግዳው እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ስገባ በየት በኩል ነው የሴቶች በር ብዬ ጠይቄ አስጎብኚውን ግራ አጋባሁት። አንዲት ምዕመን ከቤቷ ያመጣችውን ትራስ አርማታው ወንበር ላይ አንጥፋ ትጸልያለች። ፕሮፌሰሩ ትራሱ የሕንፃውን መስመር እንደሚያበላሽ በሐዘን ነገሩን። ሴትየዋ ግን ጀርባዋ ሳይበላሽ ጸሎቷን ጨርሳ ወጣች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዙሪያውን መስተዋት የሆነ ቤት ወሰዱን። ጫካ ውስጥ ነው። ከየትኛውም አቅጣጫ አልጋው፣ ወንበሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሳይቀር ይታያል። ሁሉም እየዞሩ ያደንቃሉ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ባለቤቱ የት ነበር ልብሱን የሚቀይረው?»

 ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ የሥነ ሕንፃ ጥያቄ አይደለም» አሉ።

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የበለጠ የሥነ ሕንፃ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ያን ዕለት ግን አፈርኩ። ልጆቹ ለሳምንት ያህል ካፖርታቸውን ባወለቁ ቁጥር «እዚህ ይቻላል ወይ?» እያሉ ቀለዱብኝ።

ይህን ሁሉ ስል አስተዋይ ሆኜ ያለፍኩ እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው ዓመት የጸደይ ወራት ላይ ተሸነፍኩ። ያሸነፈኝ አንድ የመንደር ትምህርት ቤት ነው። ዝቅ ያለ ነጭ ሕንፃ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ መስኮት ተዘርግቶበታል። ስንገባ ልጆቹ ዕረፍት ወጥተው ነበር። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ዴስኮቹን ሁሉ እኩል አልብሷቸዋል። የኋላውም የፊቱም አንድ ነው። እኔ ያደግኩበት ቤት ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ መስኮቱ ግን ከራስ ቅል አይሰፋም። ብርድ እንዳይገባ ነው። የቤት ሥራዬን የምሠራው ደጃፉ ላይ፣ የተከፈተው በር የሚሰጠኝን ብርሃን እየተከተልኩ ነበር። በር ዝጊ የተባልኩ ዕለት ሒሳቡ እዚያው ይቀራል። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩና ከመቀመጫዬ መነሳት አቃተኝ። ፕሮፌሰሩ አጠገቤ መጥተው ምንም ሳይሉ ቆሙ። ያን ዕለት ወደድኳቸው።

ከዚያ በኋላ ልክ የለኝም። የሣልኩት ሁሉ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ ረጅም መስኮት ሆነ። ማርኬ ከፍ አለ። ጥቁር ሹራብም ገዛሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግማሹን ዓመት በሥራ ልምምድ ማሳለፍ ግዴታ ሲሆንብን፣ አገሬ ሄጄ ከአባቴ ጋር ልሥራ ብዬ ጠየቅኩ። ፈቀዱልኝ። ጊዜው ጥር ነበር፤ ሚኒባሱ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ሲያደርሰኝ አክስቴ መናኸሪያው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ከእናቴ ጋር ሆና ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እስካሁን አንቺ ነው የምላት። ገበያ ውስጥ በርኖስና ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ትሸጣለች። ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ቦታ ተመርቼ ካለ ፕላን አትሠሪም አሉኝ። አንቺ ፕላን ነው አይደል የምትማሪው?»

«አዎ።»

«በይ ጉድ አታፍዪ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ማደሪያ። አባትሽ ይገነባዋል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ በር ሥሎ ይገላገል ነበር። እኔ ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ግድግዳው የመንዝ ድንጋይ፣ ከሱቁ ጫፍ እስከ ማደሪያው ጫፍ ወገብ ላይ እንደ መቀነት የሚዞር መስኮት፣ ከላይ ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ። ማዘጋጃ ቤት ይዤው ስሄድ ፕላን የሚያየው ሰውዬ ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ አቀናው፣ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ጣሪያው የታለ?»

«ይኸው» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

«ይሄ መስመር ነው።»

«እሱ ነው ጣሪያው።»

ከኋላው ያለውን ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ጓደኛውም አየ። ውጭ አገር የምማር መሆኔን ሲሰሙ ግን እንዳይሳሳቱ ፈሩ መሰለኝ፣ ማኅተሙን አሳርፈው ሰጡኝ። ያን ቀን አንድ ደፋር የወረዳ ሠራተኛ ቢገጥመኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

አባቴ ደግሞ ፕላኑን ደጃፍ ላይ ዘርግተው አራት ማዕዘኑን በአራት ድንጋይ ያዙት። እያንዳንዱን መስመር በዓይናቸው ተከተሉ። በመጨረሻ አንድ ጣታቸውን ጣሪያው ላይ አሳረፉ።

«ዝናቡ ወዴት ይሂድ ነው የምትዪው?»

«ጥቂት ያዘነብላል አባባ፤ ለዓይን አይታይም። ጥግ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በሷ ይወርዳል።»

«ለዓይን ካልታየ ውሃው በምን ያውቃታል ቀዳዳዋን?»

ስለ ውሃ ባሕርይ በጀርመንኛ የተማርኩትን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና «አንቺ ነሽ የተማርሽው» አሉ። በአባቴ አፍ ይህ ምስጋና ይሁን ማስጠንቀቂያ እስካሁን አልለየሁትም።

ግንባታው እስከ ግንቦት ፈጀ። በዚያን ወቅት እንደ አባቴ ያለ ሰው ሥር መሥራት ምን እንደሆነ ተማርኩ። ድንጋዩን ከማንሳታቸው በፊት ዞር ዞር ብለው ያዩታል፣ አንድ ጊዜ አንስተው አንድ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ ዳግመኛ አይነኩትም። የግድግዳውን ቀጥታ ለመለካት ቱንቢ የሚያወጡት እኔን ደስ ለማሰኘት ብቻ ነበር። ሲሚንቶውና ፌሮው ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና መጣ። የጣሪያው አርማታ የተሞላ ዕለት ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ለቤት ክዳን የሚሆን የጓሳ ሣር አጭዶ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ሲያይ ቆየና «መቼ ነው የሚከደነው?» አለኝ።

«አልቋል እኮ አባት።»

«አይዞሽ ልጄ» አለኝ። «እግዜር ያስፈጽማችሁ።»

እንዲህ የሚለኝ ሰው በቀን አሥር ነበር። ሁሉም ገንዘብ አልቆብን የተውነው መስሏቸዋል። አክስቴ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ታስረዳ ነበር፤ ኋላ ታከታትና «አዎ፣ አሜን» እያለች ማለፍ ጀመረች። መስኮቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ገበያ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ ውስጡን ያያል። አንድ ቀን ቤቱን ስታጸዳ ውላ ምሳዋን እየበላች ሳለ አንዲት የማታውቃት ሴት በመስኮቱ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሰላምታ ሰጠቻት።

«ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ አክስቴ። «ቤት ሥሪልኝ አልኩ እንጂ አደባባይ አውጪኝ አልኩሽ?»

እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ሲገባ ቤቱ ልክ እንደዚያ ትምህርት ቤት ነበር። በካሜራዬ አንድ ሙሉ ጥቅልል ፊልም ጨረስኩበት፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀጭን ነጭ መስመር። ልምምዴን ስጨርስ የማቀርበው ይህን ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ክረምቱ እየጠነከረ ሲመጣ አክስቴ ቤቱን አስባርካ ልትገባ ቀን ቆረጠች። የነፍስ አባቷ መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሁለት በግ ታረደ። የምትሸጠው ባና ሁሉ በአንድ ጥግ ተከምሯል። ካህኑ መስቀላቸውን አንስተው «በስመ አብ» ከማለታቸው ሰማዩ ጠቆረ። የመንዝ በረዶ አመጣጡን የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ እንደ ጥራጥሬ፣ ከዚያ እንደ ባቄላ፣ ከዚያ ድንጋይ የሚገለበጥ ይመስላል። ቆርቆሮ ቢሆን ጸሎቱ አይሰማም ነበር። አርማታው ስር ግን ጸጥ ያለ ነው። ሰዉ ወደ ላይ አንጋጠጠና ተገረመ። አንዱ ጎረቤት «እውነትም ለካ ሞያ ነው» አለ። ኩራቴ አንገቴን ወደ ላይ ሳበው።

ኩራቴ የቆየው ጸሎቱ እስኪጋመስ ነው። ላይ የተከመረው በረዶ ያችን ቀዳዳ ደፍኗታል፤ ጣሪያው ኩሬ ሆኗል። አርማታው ደግሞ ሌሊት ሌሊት በደጋው ብርድ እየተኮማተረ፣ በቀን ፀሐይ እየተዘረጋ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥቶ ኖሯል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ካህኑ መጽሐፍ ላይ አረፈች። በእጅጌያቸው ጠረጉና ቀጠሉ። ሁለተኛዋ ጥምጣማቸው ላይ። ሦስተኛዋ ጠብታ አይደለችም፤ ጅረት ናት። ካህኑ የጠበሉን ዕቃ አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ ወደኔ ዞረው፤ «እኔ ሳልረጭ ተረጭቷል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባይፈርስ ነበር የሚገርመኝ።  ሰው ሁሉ አባቴን አየ። «ብያት ነበር» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? አባቴ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባናውን አንሺ፤ ይበሰብሳል።»

አነሳን። ሰዉ ሁሉ ባና እየተሸከመ ከጥግ ወደ ጥግ ሮጠ። ጠላው ግን አልቆመም። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ መሐል ላይ ቆማ ሰውን ታዛለች፣ እኔን ግን አታየኝም። ያ ከስድቧ ይብስ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ፣ ከተረፈ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ያንን የባልዲ ቤት አይቼ የሳቅኩ እኔ ነኝ። እንግዲህ ምን ልበል? አባቴ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ግንብ» አሉ፣ «የአንድ ሙሽራ ቤት ነበር። በሠርጉ ማግሥት አንዱ ጎኑ ወረደ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

«ሰው ተጎዳ?»

«በቅሎ ነበረች እዚያ ጋ። እሷ ከኔ ቀድማ አውቃ ሸሽታለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሙሽራው በዱላ አባረረኝ፣ ስድስት ወር በዚያ በኩል አላለፍኩም። በሰባተኛው ወር ሄጄ በነፃ ሠራሁለት። አሁንም ቆሟል።» ተነሱና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አንቺ እንኳን ቅርብ ነሽ። መሸሽ አይጠበቅብሽም።»

በሳምንቱ ሞራሌና ቆርቆሮ መጣ። ጠፍጣፋው ላይ አራት ወገን የሚያዘነብል ክዳን አቆምን። እኔ ራሴ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሚስማር መታሁ፤ ሁለት ጥፍሬም ጠቆረ። ያ የጓሳ ሣር ሻጭ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና «አላልኩሽም? አስፈጸማችሁ» አለኝ በደስታ። በቆርቆሮውና በአርማታው መሐል የተረፈው ቦታ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ መሰላል አስደግፋ ወጥታ አየችው። ስትወርድ ከበረዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«እዚያ ላይ ስንት ባና ይገባል መሰለሽ?»

ታረቅን ማለት ነው። ስለ መስኮቱም መላ አገኘች። ገበያተኛ እንዳያያት ከውስጥ በኩል ገመድ ወጥራ በርኖሱንና ባናውን ከዳር እስከ ዳር ሰቀለችበት። ሰዉ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ ያያል፤ አሁን ግን የሚያየው ዕቃዋን ነው። አይቶም ይገባል። ፊት ለፊቷ ያሉት ነጋዴዎች በወር ጊዜ ውስጥ ግድግዳቸውን መለካት ጀመሩ።

ጀርመን ተመልሼ ሥራዬን ያቀረብኩ ቀን ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ቆርቆሮው ከመከደኑ በፊት ያነሳኋቸውን ብቻ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተመላለሱ አዩ። ያንን የቆየ ሹክሹክታቸውን ጀመሩ። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ነጩ መስመር፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለ ሰማይ። ከዚህ በፊት ለማንም ተማሪ ሥራ እንደዚያ ብለው አያውቁም። ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ግን ኪሴ ውስጥ ሌላ ፎቶ አለ፤ አክስቴ በር ላይ ወገቧን ይዛ፣ አባቴ መሰላል ላይ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። እሷን ደብቄ የሰውየውን ምስጋና መቀበል አልሆነልኝም። አውጥቼ ከመጨረሻው አጠገብ ለጠፍኳት።

ፕሮፌሰሩ ቀረብ ብለው አዩ። 

«ይህን ክዳን ማን ሠራው?»

«አባቴ። እኔም ሚስማር መትቻለሁ።»

«ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በረዶውን፣ ቀዳዳዋን፣ ካህኑን። ተማሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። የሥዕሉን ወረቀት ገልበጥ አድርገው እርሳስ አወጡ።

«የቆርቆሮው ተዳፋት ስንት ዲግሪ ነው?»

አላውቅም ነበር። አባቴ በዓይናቸው ነው የወሰኑት። በሚቀጥለው ሳምንት እንዳጣራ ነግረውኝ ሄዱ። ያገኘሁት ማርክ መካከለኛ ነው። ሁለት መስመር አስተያየት ጽፈውበታል፤ አንደኛው ስለ ቀዳዳዋ ነው፣ ሁለተኛው አባቴን ሰላም እንድልላቸው።

ተዳፋቱን ልጠይቃቸው መሐል ሜዳ ስልክ ቤት ደውዬ በቀጠሮ አስጠራኋቸው። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበሩ የመጣችው አክስቴ ናት። ከፊት ለፊቷ ያለው ነጋዴ ፕላን አሠሪልኝ እያለ እንዳስቸገራት ነገረችኝ።

«እሺ ልሥራለት?» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«ሥሪለት። መስኮቱን እንዳለ አድርጊው፤ እንዲያውም ትንሽ አርዝሚው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ብላ። «ጣሪያውን ግን ባዶ ተዪው፤ እሱን አባትሽ ይጨርሰው።»